ባንዲራው ትክክል ከሆነ በኋላ

ከእናንተ መካከል «ኸርትስ ኦፍ አይረን 4» የተባለውን የጦርነት ጨዋታ በኮምፒውተር የምትጫወቱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለማታውቁት በአጭሩ፦ ስቶክሆልም የሚገኘው ፓራዶክስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ከ1936 ጀምሮ አንድ አገር ይዞ ፋብሪካ ይተክላል፣ ጦር ያሰለጥናል፣ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በራሱ መንገድ ይዋጋል። ኢትዮጵያም አለችበት፤ ጨዋታው ሲጀመር ከጣሊያን ጋር ጦርነት ላይ ናት።

ጨዋታው ሲሸጥ የናዚ ጀርመን ባንዲራ ላይ ስዋስቲካው የለም። በቦታው ሌላ ምልክት ገብቷል። ስለዚህ ተጫዋቾች ራሳቸው ሞድ ይሠራሉ፤ ማለትም ጨዋታውን የሚለውጥ ተጨማሪ ፋይል አዘጋጅተው እውነተኛውን ባንዲራ ይመልሱበታል። ሥራው ለጀማሪም የሚቻል ነው። አንድ ባንዲራ 82 በ52 ፒክስል የሆነ ሥዕል ነው፤ ከእርሱ የሚያንሱ ሁለት ቅጂዎች አሉት፣ ትንሹ 10 በ7 ብቻ ነው። (በ10 በ7 ፒክስል የይሁዳን አንበሳ ለመሣል የሞከረ ሰው ትዕግሥት ምን እንደሆነ ያውቃል።) ከባዱ ነገር ታሪኩን ማጥራት ነው። የቀዩ ቀለም ምን ያህል ይደምቃል? ነጩ ክብ ልክ መሐል ላይ ነው ወይስ ትንሽ ወደ ሰንደቁ እንጨት ይጠጋል? አንዳንድ ወጣቶች ለዚህ የሚያወጡትን ጊዜና ጥንቃቄ ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አከብራቸዋለሁ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አንድ አማኝ ወጣት ያንን ባንዲራ በታሪክ ልክ ሠርቶ ለሌሎች ቢያካፍል ምን አደረገ? እውነትን አገለገለ ወይስ ጣዖት አቆመ?

«ሥዕል ብቻ ነው፤ ምን ያመጣል?» የሚለው መልስ ቶሎ ይሰማል። ምልክት ባዶ ነገር ቢሆን ኖሮ ጣሊያኖች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ በባቡር ጣቢያው አጠገብ የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ነቅለው ሮም ድረስ ባልወሰዱት ነበር። ድል አድራጊ ሁሉ ምልክት ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ናዚዎችም ያውቁ ነበር። ስዋስቲካ ያለበትን ባንዲራ ብቸኛው የጀርመን ብሔራዊ ባንዲራ ያደረገው ሕግ ኑረምበርግ ላይ የጸደቀው መስከረም 15 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዕለት አይሁድን ከዜግነት መብት ያወጣው ሕግ፣ ከሌሎች ጀርመናውያን ጋር እንዳይጋቡ የከለከለው ሌላ ሕግም ጸደቁ። ጋብቻን በከለከለው ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፦ አይሁድ የአገሪቱን ባንዲራ እንዳይሰቅሉ ይከለክላል። ባንዲራው ማንን እንደሚያቅፍ ብቻ ሳይሆን ማንን እንደሚያወጣ በጽሑፍ የተነገረለት ነው። ይህን የሚያህል ነገር በሃምሳ ሁለት መስመር ፒክስል ውስጥ አይታይም፤ ግን እዚያው አለ።

«ምልክቱ ራሱ የሰይጣን ነውና አትንካው» የሚለው ሌላው መልስም ብዙ አያስኬድም። ላሊበላ ሄዳችሁ ቤተ ማርያምን ያያችሁ ከሆነ፣ ከመስኮቶቿ መካከል ጫፉ የታጠፈ መስቀል ቅርጽ ተፈልፍሎበት ያለውን ታስታውሳላችሁ። ሂትለር ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተፈለፈለ ነው። በእስያም ሂንዱዎችና ቡድሂስቶች ቅርጹን ከጥንት ጀምሮ ይጠቀሙበታል። መስመርና ማዕዘን ኃጢአት አይሠራም። ምልክቱን የሚሞላው ሰዎች በሥሩ ቆመው ያደረጉት ነገር ነው።

ስለዚህ የሞድ ሠሪዎቹን ክርክር በደንብ እንስማው። «ባንዲራውን ማጥፋት ታሪክን ማሳመር ነው» ይላሉ። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለእኛ ለወንጌላውያን ደግሞ ይበልጥ ትክክል ነው። ለምን ብትሉ፣ ያ ባንዲራ በአንዳንድ የጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥም ተሰቅሎ ነበር። «የጀርመን ክርስቲያኖች» የተባለው እንቅስቃሴ አርማው መስቀልና ስዋስቲካ አንድ ላይ ነበረ፤ በ1933 በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ምርጫም አሸንፏል። ያች ቤተ ክርስቲያን ራሷን ወንጌላዊት ብላ ትጠራ ነበር። ቃሉ በጀርመንና በእኛ ዘንድ አንድ ዓይነት ሰዎችን አይገልጽም፣ ቢሆንም መጽሐፉ አንድ ነው። በግንቦት 1934 ባርመን ከተማ ተሰብስበው፣ በአብዛኛው ካርል ባርት ባረቀቀው መግለጫ፣ ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስ ሌላ ጌታ የላትም ያሉ ነበሩ። ግን ሁሉም አልነበሩም። ምልክቱን ከሥዕሉ ብንፍቅ፣ የእምነት ዘመዶቻችን ምን አጠገብ ቆመው እንደ ዘመሩም አብረን ፋቅን።

እዚህ ላይ ንጉሡ ሕዝቅያስ ትዝ ይለኛል። ሙሴ በምድረ በዳ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራውን የናስ እባብ ሕዝቅያስ ሰባበረው፤ ሕዝቡ ያጥንለት ስለነበር ነው (2ኛ ነገሥት 18፥4)። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ መስበሩ ነው። ነገር ግን ያንን ታሪክ የጻፈው ሰው ነሑሽታን የሚለውን ስም እንኳ አላጠፋም። እባቡ በዘኍልቍ 21 ላይ እንዳለ ነው፤ ጌታም ለኒቆዲሞስ ሲናገር ጠቀሰው። ናሱ ተሰበረ፣ ትረካው ቀረ። የተሰበረው የሚታጠንለት ነገር ነው፤ የቀረው ደግሞ ከሙሉ ታሪኩ ጋር የሚነበበው ነው።

ጀርመኖችም ወደዚህ የተጠጋ መንገድ ነው የያዙት። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋቸው አንቀጽ 86ሀ የናዚን ምልክት በአደባባይ መጠቀም ይከለክላል፤ ለትምህርት፣ ለሳይንስ፣ ለሥነ ጥበብ ሲሆን ግን ይፈቅዳል። ፊልም በዚህ በር ሲገባ የኮምፒውተር ጨዋታ ለረጅም ጊዜ ውጭ ቀርቶ ነበር። ከነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጨዋታዎችን የዕድሜ ደረጃ የሚወስነው አካል እያንዳንዱን ጨዋታ ለብቻው ማየት ጀምሯል፦ ምልክቱ እዚያ ምን ይሠራል ብሎ ይጠይቃል።

ይህንኑ ጥያቄ ሞዱን ለሚሠራው ወጣት ላቅርብ። ምልክቱ በሥራህ ውስጥ ምን ይሠራል? ጨዋታው የሞት ካምፖችን አያሳይም። አዘጋጆቹ ሆን ብለው የተዉት ነው፤ ደግ አደረጉ እላለሁ፣ ያንን ሰው በመዳፊት እየነካ የሚያስተዳድረው ነገር ማድረግ ጸያፍ ነውና። ነገር ግን ውጤቱን ተመልከቱ። ወንጀሉ ጨዋታው ውስጥ የለም፤ ባንዲራው ግን በሞዱ ምክንያት ደምቆ ተመለሰ። ተጫዋቹ የሚያየው ንጹሕ ሜዳ ላይ እየገሰገሰ የሚሄድ ያማረ ባንዲራ ነው። ቀለሙ ትክክል፣ ክቡ ትክክል። ሐሰተኛ ምስክር ሁልጊዜ የሚዋሽ ሰው አይደለም፤ ከእውነቱ አንዱን ቁራጭ ብቻ አሳምሮ የሚያቀርብም አለ።

ቦታ እንለዋወጥ እስቲ። አንድ ጣሊያናዊ ወጣት የፋሺስቶቹን ምልክት፣ ያንን በመጥረቢያ ዙሪያ የታሰረ የበትር ነዶ፣ እያንዳንዱን በትር ቆጥሮ ሠራው እንበል። «ታሪክ ነው፣ በትክክል ነው የሠራሁት» አለን። አዎ፣ በትክክል ሠርተኸዋል እንለዋለን። ከዚያ ግን እንጠይቀዋለን፦ የመርዝ ጋዙስ የት አለ? የካቲት 12ስ? ለእኛ ሲሆን ይህን መጠየቅ ወዲያው ይመጣልናል። ለአይሁድ ሲሆን ለምን ይዘገያል? በባንዲራ ነገር ስሜታችን ቶሎ የሚነካ ሕዝብ ነን፤ በሌላው ቁስል ላይ ብቻ «ፒክስል ነው» ማለት አያምርብንም።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጣዖት ሥጋ ሲጽፍ ክርክራቸውን አይክድም፤ ጣዖት ከንቱ እንደ ሆነ እርሱም ያውቃል። ግን ዕውቀታቸው ላይ አይቆምም፤ ክርስቶስ የሞተለትን ወንድም እዩ ይላቸዋል። በገበያ የተሸጠውን ሳትጠይቁ ብሉ ይልና፣ አንዱ «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ካላችሁ ግን ስለ እርሱ ተዉት ይላል። እስራኤል ወይም ጀርመን የምትኖሩ አንባቢዎች ይህ ሩቅ ነገር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። አያቷን በካምፕ ያጣች የክፍል ጓደኛችሁ ከኋላችሁ ቆማ ስክሪኑን ልታይ ትችላለች። ያኔ ጨዋታውን መዝጋት ፍርሃት አይባልም።

ታዲያ ሞዱን አትሥሩ ማለቴ ነው? አይደለም። ከጀመራችሁት አይቀር ግማሽ መንገድ ላይ አትቁሙ ማለቴ ነው። ጨዋታው ለሞድ ሠሪ ሌላም በር ይከፍታል፦ በተወሰነ ቀን ስክሪኑ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ማስገባት ይቻላል። አንበሳ ከመሣል ይቀላል። ባንዲራውን ከመለሳችሁ ኅዳር 9 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. ላይ በዚያ ሌሊት ምኩራቦች መቃጠላቸውን በአራት መስመር ጻፉ። የካቲት 19 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. ላይ፣ በእኛ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ቀን የቆየውን ግድያ ጻፉ። ጽሑፉ አንድ ቁልፍ ብቻ ይኑረው፤ ሲነኩት የሚዘጋ፣ ለተጫዋቹ ነጥብ የማይጨምር፣ የማይቀንስም። አንዳንዱ ሳያነበው ይዘጋዋል። ቁጥር ስታስገቡ ደግሞ ለቀለሙ ያደረጋችሁትን ጥንቃቄ አድርጉ፦ ለየካቲት 12 የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው 30,000 ነው፣ ከዚያ ያነሰ የሚሰጡ የታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። ሁለቱንም ጻፉት፤ ቦታ ይበቃል።