መካሪው ራሱ የተወጋ ነው

«ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» ሲባል የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ በሌለበት ቦታ ነው። የተከበረ ሰው ከማይመጥነው ጋር ቃል ሲመላለስ፣ ቀልዱ ወደ ዘለፋ ሲዞር፣ አጠገቡ የተቀመጠው ጋቢውን እያስተካከለ «ድሮስ ከልጅ አትጫወት...» ይላል። የቀረውን መጨረስ አያስፈልገውም። እዚያ ላይ «ልጅ» የተባለው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሊሆን ይችላል፤ እንጨቱም ምላሱ ነው። በለቅሶ ቤት፣ በጠላ ቤት፣ በቀበሌ ስብሰባ ተረቱ በዚህ መልኩ ሲሠራ ኖሯል፤ እውነትም ነው። ወሰን የማያውቅን ሰው ወሰን ባለው ጨዋታ የገጠመ ሁሉ ቆስሎ ይመለሳል። በዚህ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ተረቱ እንደ ቃሉ ሲወሰድ ነው፦ የሁለት ዓመት ሕፃን፣ እውነተኛ እንጨት፣ ወሩ ጥቅምት፣ አገሩ ታች ጋይንት። አባት ልጁን ይዞ ወጥቶ ሣር ላይ ሲቀመጥ ያየ አላፊ አግዳሚ ይህንኑ ተረት ፈገግ ብሎ ይወረውርለታል። ፈገግታው የቀልድ ነው፤ ምክሩ ግን የምር ነው። ትልቅ ሰው፣ ያውም ወንድ፣ ከሕፃን ጋር መሬት ለመሬት ሲንከባለል አይታይም ነው ነገሩ። እናት ብትሆን ማንም ምንም አይላትም፤ ተረቱም እሷን ለመምከር አልተቸገረም። ቀኑን ሙሉ በአንቀልባ አዝላው ስትውል ስንት ጊዜ ከጀርባዋ እንደተወጋች የቆጠረላት የለም።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት። ወረዳውን ላይ ጋይንትና ስማዳ ይዋሰኑታል፣ እስቴም ሩቅ አይደለም፤ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወገን ነው። ደጋው ገብስና ባቄላ፣ ወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ፣ ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ማሽላ ያበቅላል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ፣ ሜዳው ማጥ፣ ሰማዩ ጉም ይሆንና መዳህ የጀመረ ሕፃን ከሰኔ እስከ መስከረም ምድጃ ዳር ይከርማል። ጭሱን ይስባል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ አመድ ይቅማል። ደጅ እንዳይወጣ አያቶች የሚያቀርቡት ምክንያት አያልቅም፤ ብርድ አለ፣ ቡዳ አለ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ምች አለ፤ ዳማከሴው ጓሮ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በስዊድንና በፊንላንድ ሕፃንን በጋሪ ሸፋፍኖ በብርድ ደጅ ማስተኛት የተለመደ ነው ብላችሁ ለአንዲት የጋይንት አያት ብትነግሯት፣ እናትየዋን ማን አሳበዳት ብላ ነው የምትጠይቃችሁ።

ጤና ኤክስቴንሽኖች የሚናገሩት የአያቶችን ተቃራኒ ነው። የጠዋት ፀሐይ ለሕፃን አጥንት ነው። ቆዳ ፀሐይ ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያ ሲጎድል አጥንት ይለሰልሳል፣ እግር ይቆለመማል። ሪኬትስ የሚባለው ይኸው ነው። ፀሐይ በማታጣ አገር ይህ በሽታ መገኘቱ የሚያስገርም ቢሆንም ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ልጁን ከፀሐይ የምንሸሽገው እኛ ነን።

ከዚያ መስከረም ይጠባል። አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ መስከረም 16 ደመራው ተለኩሶ ጥቅምት እኩሌታው ላይ ሲደረስ አብዛኛው ረግፏል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት መስከረም 25 ያበቃና በማግስቱ መፀው ይገባል። በዚያው ዕለት ዘመነ ጽጌ ይጀምርና እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ይዘልቃል፤ ኅዳር 6 ቁስቋም ነው። በእነዚህ ቀናት የሚታሰበው እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት ጉዞ ነው። ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ይቆማል፤ እናትና ልጅ በአበባና በፍሬ እየተመሰሉ ይወደሳሉ። በየቤተ ክርስቲያኑ የተሳለውን የስደቱን ሥዕል እዩት፦ አረጋዊው ዮሴፍ በትሩን ይዞ፣ ሰሎሜ ስንቋን ይዛ፣ ሕፃኑ በእናቱ እቅፍ። ከዓመቱ ውስጥ ምርጡን ወቅት ለአንድ ሕፃንና ይዘውት ለሚንከራተቱ ሰዎች የሰጠ ሕዝብ፣ አባት ልጁን ይዞ ደጅ ሲውል ስለምን ይስቃል? መሪጌታው «ዮሴፍኮ ተሸከመ እንጂ አልተጫወተም» ሊሉኝ ይችላሉ። ለዚህ መልስ የለኝም።

ጥቅምት በዚህ አገር ከአበባው በፊት እህል ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም የጎተራው ወለል የሚታይበት ጊዜ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ታች ጋይንትን፣ ላይ ጋይንትንና ስማዳን ያቀፈው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው የባቄላ እሸት ሲቀጠፍ የአዋቂውም ፊት ይፈታል። የእኔው ባለሁለት ዓመት ማሳ ዳር ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያደርገው እሸቱን ከነቆዳው መንከስ ነው። መፈልፈል አይችልም፣ ግን ልፈልፍልህ ቢሉትም አይሰጥም። ጥቂት ያላምጠውና በምራቅ የራሰውን ወደ እኔ አፍ ያመጣዋል። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ያለው ሰው ይህን ሳይቀምስ አልቀረም።

ከዚያ ጭራሮ ያነሣል። አንድ ቀን በጭራሮው መጀመሪያ የወጋው እበት ነበር። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ መሆኑን ሲያይ ጭራሮውን አወጣና ተመለከተው፤ መልሶ ወጋ። ቀጥሎ የጉንዳን ጉድጓድ ላይ ሄደ፤ ጉንዳኖቹ ሲተራመሱ እግሩን ሰበሰበ። ሦስተኛው ውሻው ነው፤ ቀና ብሎ አየውና ተነሥቶ ራቅ ብሎ ተኛ። አራተኛው እኔ ነበርኩ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር። «ወይኔ!» አልኩ። ዓይኑ በራ። እበቱም ጉንዳኑም ውሻውም ያልሰጡትን ድምፅ ሰጥቼዋለሁና ደግሞ ወጋኝ።

ተረቱ ይህን ጥቃት ይለዋል። ለእኔ ምርመራ ነው የሚመስለኝ። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ አባትን ከእበት የሚለይበት ማዕረግ ገና አያውቅም፤ ወግቶ ያያል፣ የሚናገረውን መልሶ ይወጋል። የሌላው ሰው ሕመም እንደ ራሱ ሕመም መሆኑ የሚገባው ቀስ በቀስ ነው፤ የሚገባውም ወግቶት «አመመኝ» ካለው ሰው እንጂ ከማይቀርበው ሰው አይደለም። ደግሞስ ይህን ተረት ያወጣው ማን ነው? ቆሞ የሚያይ ሰው አይደለም። በጥርሱ ይነክስሃል፣ በጥፍሩ ይቧጭርሃል ማለት ይችል ነበር፤ ሁለቱንም ያደርጋሉና። እሱ ግን እንጨቱን ለይቶ አወቀ። ቤት እንዲመታለት ነው የሚለኝ አይጠፋም፤ ይሁን። እኔ ግን መካሪው ራሱ አንድ ጥቅምት ላይ ሣር ላይ ተቀምጦ የተወጋ ሰው ይመስለኛል።

እንጨቱንስ ልጁ ከየት ተማረው? የጋይንት ወንድ ያለ ዱላ ከቤት አይወጣም። ለውሻ ነው፣ ለጅብ ነው፣ ወንዝ ሲሻገር ጥልቀት መለኪያ ነው፤ ሲቆም ደግሞ ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ይሰቅልበታል። ሕፃኑ በእግሩ መሄድ እንደ ጀመረ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ከጭራሮው ጋር ሲንገዳገድ አካሄዱን ልብ ብላችሁ ካያችሁት አባቱን ታገኙታላችሁ።

እናም በዚህ አገር እንጨት መጫወቻ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ያው እንጨት ሥራ ይሆናል፤ ጥጃና ግልገል ይጠብቅበታል። ከፍ ሲል ቆላ ላይ ከሆነ ማማ ወጥቶ ወፍ በወንጭፍ ይጠብቃል፣ ዝንጀሮ ያባርራል። ሴቷ እንጨቱን ሳትጠግበው ታናሿን ታዝላለች። ቆሞ ከመሄድ እስከ ጥጃ ጥበቃ ያለው አራት ወይ አምስት ዓመት ነው። በአባትየው በኩልም ፋታ የለም፤ ክረምቱን እርሻና አረም፣ ከኅዳር ጀምሮ አጨዳና ውቂያ። አረሙ አልቆ እህሉ እስኪደርስ መሀል ላይ የምትገኘው ክፍተት የመስከረም መጨረሻና ጥቅምት ናት፤ ገብሱ ቀድሞ በሚደርስበት ደጋ እሷም ትጠባለች። አባት እጁ የሚያርፍበት ወርና ልጅ ሥራ የሌለበት ዕድሜ የሚገናኙት እንግዲህ አራት ወይ አምስት ጥቅምት ብቻ ነው። «አትጫወት» የሚባለው እዚያችው ውስጥ ነው። ከተረቱ ጋር የማልስማማው እዚህ ላይ ነው።

ደግነቱ ሰዉም በተግባር አይስማማም። የሚያመልጥበት ሌላ ተረት አለውና፦ «በልጅ አመካኝቶ፣ ይበላል አንጉቶ»። የተፈጠረው ለወቀሳ ነው፤ ለልጁ የተጋገረውን ራሱ የሚበላውን አዋቂ ለማሳፈር። ጥቅምት ላይ ግን የሚያሳፍር ሆኖ አላገኘሁትም። ቁጥብ የሚባለው የዕድር ዳኛ ለራሱ ብሎ አበባ ሊቀጥፍ አይጎነበስም፤ የልጅ ልጁ ትከሻው ላይ ካለ ይጎነበሳል። ቢራቢሮ ይከተላል። ጅረት ውስጥ ጠጠር ይወረውራል፣ አንዳንዴም ልጁ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ። ሰው ሲያልፍ «ይኼ ልጅ አላስቀምጥ አለኝ» ይላል። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነውና ላልጾመው «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውም በልጁ ስም ይፈጸማል፤ ልጁ ቅልጥሙን ይልሳል፣ ሥጋው የት እንደ ገባ አይጠየቅም።

ስለ ከተማው በአጭሩ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚመጣ የዚያው ዕድሜ ልጅ ሣሩ ላይ ሲያወርዱት እግሩን ያነሣል፣ ያለቅሳል። ስልክ ሲሰጡት ዝም ይላል። ማንንም አይወጋም፤ ዘመድ አዝማድም «ጨዋ ልጅ» ይለዋል። ተረቱ የሚመኘው ልጅ ይኸው ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከሰነበተ ግን እሱም ጭራሮ ማንሣቱ አይቀርም፤ ያኔ እናቱ ስትጮህ አያቱ ይስቃሉ።

ተረቱን ጨርሼ እንዳልጥለው የሚያደርገኝ ዓይን ነው። እንጨት ወይም የእህል አገዳ ዓይንን ሲወጋ የዓይኑን የፊት ለፊት ሽፋን ያቆስላል፤ ቁስሉ በፈንገስ ሊመረቅዝና ሳይታከም ከቆየ ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል። ደቡብ ጎንደር ቀድሞውንም ትራኮማ የበረታበት፣ ካርተር ማዕከል ከአማራ ክልል ጤና ቢሮ ጋር ለዓመታት የሠራበት አገር ነው፤ ለዓይን ሌላ ጠላት አያስፈልገውም። ጭራሮ ለያዘ ልጅ ጉልበትንና ጎድንን መስጠት ይቻላል፤ ፊትን ግን አይደለም። እስከዚህ ድረስ ተረቱ ልክ ነው።

ከእንጨት የባሰም አለ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም ክልሉ ሰላም አላገኘም። ጦርነት ባለፈበት ሜዳ ልጅ የሚያነሣው ሁሉ እንጨት አይሆንም። በአማራም፣ በትግራይም፣ በአፋርም ያልፈነዳ መሣሪያ እንደ መጫወቻ አንሥተው የሞቱ ልጆች አሉ። ብቻውን የተለቀቀ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ይወጋል፣ ይቀጠቅጣል። አባቱ አጠገቡ ከተቀመጠ የሚወጋው አባቱን ነው፤ ይኼኛው ይሻላል።

የቀረው የእንጨት ምርጫ ነው። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ጫፉ ሹል ነው፤ የግራር ቅርንጫፍ እሾህ አለው፤ ሸንበቆ ሲሰነጠቅ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። በጥቅምትና በኅዳር ከቆላው የሚመጣው ጥንቅሽ ግን ቀላል ነው፣ ጫፉ ዱልዱም ነው፣ ቢወጋም አያደማም፤ ልጁ መውጋት ሲሰለቸው መሣሪያውን ይበላዋል። ቅርፊቱን ብቻ አዋቂ ይላጥለት፣ ከንፈር ይቆርጣል፤ አላምጦ የጨረሰውንም እንዳይውጠው ከአፉ ይቀበለው።