ማደስና ማሻሻል

የሰው ልጅ አሮጌ ዕቃ በእጁ ሲገባ ሁለት አሳብ ይመጣበታል። አንደኛው «እንደ ነበረ ልጠብቀው» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ከነበረው የተሻለ ላድርገው» የሚል ነው። ሁለቱም ከመውደድ የሚመነጩ ስለ ሆኑ ብዙ ጊዜ አንድ መስለው ይታዩናል። ነገር ግን ጠጋ ብለን ስንመረምራቸው በተለያየ መንገድ የሚሄዱ፣ አንዳንድ ጊዜም እርስ በርሳቸው የሚጣሉ መሆናቸውን እንረዳለን። ይህን ጉዳይ በሐውልትና በቤተ መንግሥት ምሳሌነት መናገር የተለመደ ነው፤ እኛ ግን ዛሬ አነስተኛ በሆነ ዕቃ፣ ይኸውም በሣንቲም በሚሠራ አሮጌ የጨዋታ ሣጥን ልንመረምረው ወደድን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ታይቶ ለተባለው ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን ጨዋታ ሠራ። ከሰማይ የሚወርዱ ወራሪዎች ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ተጫዋቹም ከታች ሆኖ ይተኩስባቸዋል። ሙዚቃ እንበለው ካልን፣ ሙዚቃው እየወረዱ የሚመቱ አራት ወፍራም ድምፆች ብቻ ናቸው፤ ካለቁም በኋላ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። ወራሪዎቹ እየቀነሱ በሄዱ ቁጥር ምቱ ይፈጥናል፤ የተጫዋቹም ልብ አብሮ ይፈጥናል። እንግዲህ ድምፁ ለጨዋታው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ ቢወገድ ፍርሃቱም ጭንቀቱም አብሮ ይጠፋል።

እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ዛሬ ከአርባ ዓመት በላይ አስቈጥረዋል። በስፒከሩ ላይ ያለው ወረቀት ይደርቃል፣ ይቀደዳል፤ ዳር ዳሩን የያዘው ስፖንጅ ካለበት እሱም እንደ አሮጌ ቂጣ ይፈረፈራል። ድምፁ ሲሻክር ባለቤቱ «ይህን አውጥቼ ትልቅና አዲስ ስፒከር ለምን አላገባም?» ብሎ ያስባል። አሳቡ ቅን ነው፤ ግን ቅን አሳብ ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሲያጕረመርም የምንሰማው ስፒከሩ ሳይሆን በድምፅ ማጉያው ውስጥ ያለው፣ በዕድሜ ብዛት የደረቀው ኮንዴንሰር ነው። ቀጥሎም ለ8 ኦም ተብሎ በተሠራ ማጉያ ላይ ባለ 4 ኦም ስፒከር ቢያያዝ፣ እጥፍ ያህል ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ስለሚያስገድደው ማጉያው ግሎ ሊቃጠል ይችላል። ኀይለኛ ማግኔት ያለው ስፒከር ከሥዕሉ ቱቦ አጠገብ ቢቀመጥ ደግሞ የሥዕሉን ቀለም ያዛባል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ቢሳካ እንኳ፣ ታናሹ ስፒከር ሰውሮት የኖረውን እሽታና ጕርምርምታ አዲሱ አጥርቶ ያሰማል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ይስማማል።

ነገሩ ግን የመሐንዲስ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሣንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩት ነበር፤ ፈላስፎችም «መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ?» እያሉ ይከራከሩበት ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ቶማስ ሆብስ ነገሩን አከበደው፤ የወጡትን አሮጌ ሣንቆች አንድ ሰው አከማችቶ መልሶ ቢገጥማቸው የትኛው እውነተኛው ይሆናል ሲል ጠየቀ። በእኛ አገርም የበገና ክር ሲበጠስ ሌላ ክር ይታሰራል፤ ስለዚህ በገናው በገና መሆኑን አይተውም። በእንዲህ ያለው ሥራ የሚጠፋው ክፍል በአምሳያው ይተካል፤ ይህም ማደስ ነው። የጨዋታው ሣጥን ባለቤት የሚያስበው ግን ከአምሳያው የሚበልጥ ክፍል ማስገባት ነው። ይህ ማሻሻል ነው፤ ማሻሻልም በሠሪው ሥራ ላይ ፍርድ መስጠት ነው።

«ሠሪው ርካሹን ስፒከር የመረጠው ወድዶት ሳይሆን ወጪ ለመቀነስ ነው፤ ቢያገኝማ የተሻለውን ባስገባ ነበር» የሚሉ ይኖራሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሠሪ መሣሪያው ድኻ መሆኑን ካወቀ ሥራውን በዚያው ልክ ይቀርጸዋል፤ በጥቂት ድምፅ ብዙ ለመናገር ይጥራል። እንዲህ ሲሆን ድኽነቱ ራሱ የሥራው ክፍል ይሆናል። እኛም ድኽነቱን ስናስወግድ ብልኀቱን አብረን እንዳናስወግድ ያሠጋል።

እንደዚሁም የባለቤቱን ሁኔታ መለየት ይገባል። በቤቱ ከልጆቹ ጋር የሚጫወት ሰው ዕቃው የራሱ ነው፤ ደስታውንም የሚከለክለው የለም። ነገር ግን ይህ ጨዋታ ዛሬ የታሪክ ዕቃ ሆኗል፤ በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ በሚገኘው ስትሮንግ በተባለው የጨዋታ ቤተ መዘክር፣ በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በቪዲዮ ጨዋታዎች የክብር መዝገብ ገብቷል። ለሕዝብ የሚያሳይ ሰው ምስክር ነው። የ1978ን ድምፅ ያልሰማ ወጣት መጥቶ ሲያዳምጥ፣ የሰማውን «የዚያ ዘመን ድምፅ» ብሎ ይወስደዋል። የተለወጠውን ሳይናገር የሚያሰማ ባለቤት፣ ሳያስበው በሐሰት መስክሯል ማለት ነው።

ስለዚህ ለውጥን ሁሉ ከማውገዝ ይልቅ ለለውጥ ሥርዐት ማበጀት የሚሻል ይመስለናል። አስቀድሞ ሕመሙን መርምሮ የታመመውን ብቻ ማከም፤ በሣጥኑ ላይ አዲስ ቀዳዳ አለመብሳት፤ የወጣውንም ስፒከር ሳይጥሉ ጠቅልሎ በዚያው ሣጥን ውስጥ ማኖር፤ ምን እንደ ወጣና ምን እንደ ገባ ከነዘመኑ በወረቀት ጽፎ መተው ይገባል። በኋላ የሚመጣው ሰው የእኛን ምርጫ ቢነቅፍ የመጀመሪያውን ድምፅ መመለስ ይችል ዘንድ ነው። ቢሮ፣ ትምህርት ቤት፣ መዝገብ ወይም ልማድ የተረከብን ሁላችንም፣ የምንለውጠውን ከመለወጣችን በፊት ይህንኑ ለራሳችን ብንጠይቅ መልካም ነው፦ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው የቀድሞውን መልሶ ሊያገኘው ይችላልን?