ምክር ቤት ፊት የሚቆም ቃል

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በየመሥሪያ ቤቱ እቅድና ሪፖርት ክፍል የተመደባችሁ ልጆቼ፣ ይህ ምክር ለእናንተ ነው። ሪፖርቱን ምክር ቤት ፊት ቆሞ የሚያነበው ኃላፊው ቢሆንም ቃሉ የእናንተ ነው።

እኔም በወጣትነቴ ሪፖርት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ዓመት የአንድ ገጠር ቀበሌን የመጠጥ ውሃ ሥራ «ተጠናቋል» ብዬ ጻፍኩ። ቦኖው ቆሟል፣ መስመሩም ተዘርግቷል፤ ፓምፑ ግን ተቃጥሎ ነበር። አውቅ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የምክር ቤት አባላት ለመስክ ምልከታ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። አንዲት እናት አንድ ቃል ሳትናገር ቦኖውን ከፈተችላቸው። ነፋስ ብቻ ወጣ። አባላቱ ዞረው እኛን አዩን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነት የጻፍነውንም ይጠረጥሩት ጀመር።

ወሎ የተደበቀን ወረቀት ዋጋ ያውቃል። የግብርና ሚኒስቴር የሰብል ጥናት በ1965 የወሎ ረሃብ እየመጣ መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ መንግሥት ግን አፍኖ ያዘው። ገበሬው በዋናው መንገድ ዳር ቆሞ አውቶቡስ እያስቆመ እህል ይለምን ነበር። በሚያዝያ የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው አዩና ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በኋላም በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ባለሥልጣናቱን መረመረ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ ያ ጥናት ነው። የጻፉት ባለሙያዎች ድርሻቸውን ተወጥተው ነበር። ከሚኒስቴሩ ወጥቶ በጊዜው እንደራሴዎቹ ፊት ቢነበብ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ዛሬ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ዋና ኦዲተሩም በአንቀጽ 101 መሠረት ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚሁ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የኦዲት ግኝት ሲመጣባችሁ ሰበብ አትደርድሩ። የጠፋውን ጠፋ፣ ያልተወራረደውን አልተወራረደም በሉ፤ በማን እጅ እንደሚስተካከልና በየትኛው ወር እንደሚያልቅ ጻፉ። «በሂደት ላይ ነው» የሚለውን ሐረግ ከኮምፒውተራችሁ አጥፉት። እኔ አንዴም ሲጠቅም አላየሁትም።

የኮምቦልቻን ባቡር ውሰዱ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውን መስመር የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ሲገነባው ሕዝቡ በዓይኑ አይቷል። ሐዲዱ ተዘርግቶ የኤሌክትሪክ ኃይል ነገር ዘገየ፤ በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ከተማችን ደርሶ ፋብሪካውም የባቡር መስመሩም ተዘረፈ። ተወካዩ «ባቡሩ መቼ ይሄዳል?» ብሎ ሲጠይቅ የኮምቦልቻ ሰው የጠየቀውን ነው ይዞ የመጣው። ይህን ጥያቄ እንደ ወቀሳ የሚሰማ ባለሙያ ሥራውን አላወቀውም። የተሠራውን፣ የተዘረፈውንና የቀረውን ለይቶ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ፣ ተወካዩ ወደ መራጩ ሲመለስ የሚያወራው ስለ መሥሪያ ቤቱ ውሸት ሳይሆን ስለ ችግሩ ይሆናል።

ሌላም አለ፤ እኛ ወሎዬዎች እንተዋወቃለን፣ እንዛመዳለን። የአጎታችሁ ልጅ የምክር ቤት አባል ሊሆን ይችላል። ለእሱ በቡና ላይ በሹክሹክታ የነገራችሁትን ለቋሚ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ካልሰጣችሁ፣ ዘመዳችሁንም መሥሪያ ቤታችሁንም ትጎዳላችሁ። ለመስክ ምልከታ ሲመጡም ድግሱን ተዉት፤ ሥራው ያልተሳካበትን ቀበሌ አስቀድማችሁ አሳዩአቸው።

አብሽሩ፤ የተበላሸ ስም ይመለሳል። ያ ቦኖ ነፋስ ብቻ ካወጣ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት በግማሽ ዓመቱ ሪፖርት «ፓምፑ ተቃጥሏል፤ ውሃ የለም» ብለን ጻፍን። ኃላፊዬ ሲያነበው ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰኔ ላይ በጀት ሲታይ ከእኛ አንድም ሰው ሳይናገር፣ ባለፈው ቦኖው አጠገብ ቆመው ከነበሩት አባላት አንዱ ተነሥተው ስለ ፓምፑ ተናገሩ። በጥቅምት ተገዛ።