ጥርኝ ውሃና የጭስ ሚዛን

በብዙ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብ ሥዕል አለ። በአንዱ የሚዛን ሰሐን የበላቸው 78 ነፍሳት፣ በሌላው ስለ ማርያም ብሎ ለአንድ ውሃ ለጠማው በሽተኛ የሰጠው ጥርኝ ውሃ። አጋንንቱ በነፍሳቱ በኩል ሆነው ያያሉ፤ እመቤታችን ጥላዋን በውሃው ላይ ታሳርፋለች፤ ውሃው ይመዝናል። በተአምረ ማርያም የሚነበበውን ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ያልሰማ ምእመን ጥቂት ነው። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት፣ ብዙ ጊዜ ይነሣል።

ዛሬ በኢነርጂና በአየር ንብረት ለውጥ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ተማሪ ይህን ሥዕል ቆም ብሎ ቢያየው፣ ክፍል ውስጥ «የካርቦን ማካካሻ» እያሉ ካስተማሩት ነገር ጋር መመሳሰሉ ሳይገርመው አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሀብታም አገር ያለ አንድ ድርጅት ነዳጅ ያቃጥላል። ማቃጠሉን መተው ስለሚከብደው ሌላ ቦታ ሌላ ሰው እንዳያቃጥል ይከፍላል። ያ «ሌላ ሰው» ብዙ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ ማገዶ የምትማግድ ሴት ናት። የተሻሻለ ምድጃ ይሰጣታል፣ እንጨት ትቆጥባለች፣ ካልነደደው እንጨት ይወጣ የነበረው ጋዝ በቶን ተቆጥሮ ወረቀት ይሆናል፣ ወረቀቱ ይሸጣል። ገዢው የበላውን በልቷል፤ ጥርኝ ውሃው ደግሞ ይኸው፣ ደረሰኝ ተቆርጦለታል።

ግን ያልነደደ እንጨት እንዴት ይመዘናል? ተማሪው ሚዛኑን ይዞ ማድ ቤት ይገባል። እንጨቱን ይመዝናል፣ እርጥበቱን ይለካል፣ ሊጡንም ይመዝናል። ሴትዮዋ ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰሳለች፤ ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ታፈሳለች፤ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን ትደፋለች። እንጀራው በሰፌድ ይወጣል፣ እንደገና ማሰስ፣ እንደገና ማፍሰስ። ጋገራው ሲያልቅ የተረፈው እንጨትና ፍሙ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ግራም እንጨት እንደ ሄደ ይሰላል። አንዴ በጉልቻ፣ አንዴ «ምርት» በሚባለው የተሻሻለ ምድጃ። በሲሚንቶ የሚሠራው ምርት ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ የእንጨቱን ግማሽ ያህል ሊቆጥብ ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ቤት ውስጥ በሚጨስ ማገዶና በመሰል ነገር ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ይገምታል። ሚዛኑ የማይመዝነው የተማሪው የራሱ እንባ ብቻ ነው፤ እሱም ለአንድ ጠዋት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሚዛኑ እውነተኛ ነው። ሚዛኑ የሚያጋድለው ከማድ ቤት ከወጣ በኋላ ነው። ከሂሳቡ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው፣ ከተቆረጠው እንጨት ተመልሶ የማይበቅለው ስንት እጅ ነው የሚል ነው። ዛፉ በቦታው ከተተካ ያወጣውን ጋዝ መልሶ ስለሚስበው ጭሱ ዕዳ የለበትም፤ ካልተተካ ግን አለበት። ሁለተኛው፣ ሴትዮዋ አዲሱን ምድጃ በእርግጥ ትጠቀምበታለች ወይ የሚል ነው። ማድ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ምርት ምድጃው አጠገብ ጉልቻው ለወጡም ለቡናውም እንደ ተጎለተ መኖሩን ያውቃል። ሁለቱን ቁጥሮች ትንሽ ትንሽ ከፍ ማድረግ የሚሸጠውን ወረቀት ያበዛዋል።

በ2024 መጀመሪያ «ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ» የተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አወጣ። የጥናቱ መሪ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ፣ ኢነርጂን ከሀብትና ከማኅበረሰብ ጋር አጣምሮ በሚያስተምረው ክፍል የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ተመራማሪዎቹ ከልዩ ልዩ አገሮች የምድጃ ፕሮጀክቶችን መርጠው ሂሳቡን እንደገና ሠሩት። የተሸጠው ወረቀት በእርግጥ ከቀነሰው ጋዝ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

ዘጠኝ እጥፍ! እህል በረንዳ ላይ አንድ ነጋዴ በአንድ ኪሎ ፋንታ መቶ አሥር ግራም ሰፍሮ ቢሰጥ ገበያው ምን እንደሚያደርገው አንባቢ ያውቃል።

ሁለቱም ሃይማኖቶቻችን በዚህ ጉዳይ ላይ ጥርጥር የላቸውም። መጽሐፈ ምሳሌ ሐሰተኛ ሚዛንን በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ ያደርገዋል። የቁርኣን 83ኛ ሱራ ደግሞ ስሙም የተሰየመው፣ መክፈቻውም የሚገሥጸው በሚዛን የሚያጭበረብሩትን ነው፤ ሲቀበሉ የሚያስሞሉትን፣ ሲሰጡ የሚያጎድሉትን። ስለ ከባቢ አየር የተጻፈ ባይሆንም ከብዙ የዘመኑ ደንብ ይልቅ ለካርቦን ገበያ ይቀርባል። በዚህ ዓይን ሲታይ አሰልቺ የሚመስለው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያ ሁሉ ሠንጠረዥና የእርጥበት ልኬት፣ የምስክርነት ሥራ ነው።

ይሁንና ሚዛኑ ቢቃናስ? እውነተኛው ጥያቄ እዚህ ይጀምራል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሄንሪ ሹ በ1993 ባሳተመው ጽሑፍ ለመኖር የሚወጣን ጭስ ለቅንጦት ከሚወጣ ጭስ ለየ። ለኬሚስት ሁለቱም አንድ ጋዝ ናቸው። ለሕሊና ግን ልጆቿን ለማብላት የምትማግድ ሴትና ለመዝናናት የሚበርር ሰው በአንድ ዋጋ ሊመነዘሩ አይችሉም ነው ክርክሩ። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከመሳሰለው በዓመት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ ከ0.2 ቶን በታች ነው፤ አንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ገደማ። የማካካሻ ገበያው ባለ 14 ቶኑን ትቶ ባለ 0.2ቷን ቀንሺ ይላታል፤ የቀነሰችውንም በእሱ ስም ይመዘግባል።

የበላዔ ሰብ ታሪክ እዚህ ላይ ከገበያው ይለያል። ታሪኩ ራሱ አይዋሽም፦ ጥርኝ ውሃ በራሱ ክብደት 78 ነፍስ አይመዝንም። ሚዛኑን የገለበጠው ጥላው ነው፤ ምሕረት ነው። ምሕረት ደግሞ በሰጪዋ ፈቃድ ትሰጣለች እንጂ ተከፍሎባት ደረሰኝ አይቆረጥላትም። ሰውየውም ውሃውን የሰጠው ነገ ሌላ ሰው ለመብላት ፈቃድ ፈልጎ አልነበረም። ገበያው የምሕረትን ውጤት ወስዶ የልኬት ስም ሰጠው፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ትልቁ ስሕተት ከዘጠኝ እጥፉም በላይ ይኸው ነው።

ይህን የሚያነጋግር ክፍል የት አለ? የአፍሪካ ኅብረት የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የውሃ፣ የኢነርጂና የአየር ንብረት ለውጥ ተቋም አልጄሪያ፣ ትለምሰን ከተማ ውስጥ ነው። ከ2014 ጀምሮ ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ተማሪዎች በምህንድስና ወይም በፖሊሲ ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪ ይሠሩበታል። ስለ ፀሐይና ስለ ነፋስ ኃይል የሚማሩት በ1956 በተገኘው የሐሲ ርመል ጋዝ በምትተዳደር አገር መሆኑ ፈገግ ያሰኛል፤ ግን ነውር የለውም፣ ችግሩ ባለበት ቦታ መማር ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት በሚሰጥበት በየትኛውም ቦታ ተርባይን የሚያሰላና ውል የሚያረቅቅ ሰው ይወጣል፤ «ይህ ቶን የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን የማንም ፈተና ላይ ካልመጣ የፍልስፍና ክፍል ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ገበያውን ሁሉ ግን በአንድ አፍ መኮነን አይገባም። ወላይታ፣ ሁምቦ፣ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ነበር። ከመሬቱ ሥር ግን ጉቶዎች አልሞቱም። ከ2006 ጀምሮ ገበሬዎቹ ከብት ከልክለው፣ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጠው ጠንካራውን እየመረጡ፣ ሌላውን እየገረዙ አሳደጉት። ፕሮጀክቱ በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ፈንድ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ፤ ገንዘቡ ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ገባ። ደኑ በዓይን ይታያል። ማንም ባይገዛውም ተራራው ለገበሬዎቹ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ልዩነቱም እሱ ይመስላል።

በ2027 የተባበሩት መንግሥታት 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይደረጋል። ምድጃ ሻጩም ወረቀት ገዢውም ይመጣል። ከጠረጴዛው በእኛ በኩል የሚቀመጡት ዛሬ መመረቂያቸውን የሚጽፉት ልጆች ናቸው። አንዲት ነገር ብቻ እንለምናቸው፦ ቁጥሩ ላይ ከመፈረማቸው በፊት አንድ ቀን ማድ ቤት ይዋሉ፤ ከመጀመሪያው እንጀራ እስከ መጨረሻው፣ በሩ ገርበብ ብሎ።