ፊርማም አማና ነው

ከግሸን ግርጌ ያለ አባት ወይፈኑን ሸጦ ልጁን ለኮምፒውተር ምህንድስና ወደ ኮምቦልቻ ሲልክ፣ የሚያሰላው የነገውን ደመወዝ ነው። ልጁ የሚፈርመውን ውልስ ማን ያስታውሰዋል?

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወጪ ለመጋራት ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ ዕዳውን ያወርዳል። ገቢው ሲያንስ የሚቆረጠውም ያንሳልና፣ የድሃ ልጅ ዕዳን ፈርቶ ከትምህርት አይቅር።

ነገር ግን በግል ሠርቶ ወይም ባሕር ተሻግሮ «ማን ጠየቀኝ?» የሚል ምሩቅ ልብ ይበል፤ ጠያቂ መጥፋቱ ዕዳን አይሰርዝም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ አል-በቀራህ 282፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ ውል አይደለምን?

ወላጆች ሆይ! ከደመወዙ ጋር ዕዳውንም አብረን እንቁጠር። አላህ አማና ጠባቂዎች ያድርገን፤ አሚን።