ስለትና ውለታ በታይላንድ

ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም በትዳር ምክንያት አገሩን ለቆ የሚሄድ ታይላንዳዊ ከጉዞው በፊት የሚያደርሰው ምስጋና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ኬ ቦን» የሚባለው ስለት ማስገባት ነው። ሁለተኛው ውለታን ማሰብ ሲሆን «ካታንዩ» ይባላል። አበባውም ዕጣኑም በሁለቱም ዘንድ አንድ ስለሆነ ከውጭ ለሚያይ ሰው ልዩነታቸው አይታይም።

ቪዛ ወይም ነጻ የትምህርት ዕድል ለማግኘት የሚሳል ሰው፣ ከተሳካለት ምን እንደሚያስገባ አስቀድሞ ይናገራል። ስለቱም እንደ ተቀባዩ ይለያያል። ባንኮክ መሐል በራቻፕራሶንግ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚገኘው የሂንዱው አምላክ የባለ አራት ፊቱ ብራህማ ሐውልት፣ የኤራዋን ሆቴል ግንባታ በተደጋጋሚ እንቅፋት ቢገጥመው በኮከብ ቆጣሪ ምክር እ.ኤ.አ. በ1956 የቆመ ነው። ለእሱ የቢጫ አበባ ጉንጉንና ከእንጨት የተቀረጸ ዝሆን ይቀርብለታል። ከፍ ያለ ስለት ያለበት በቦታው የሚጠብቁትን የባህል ጨፋሪዎች ይቀጥራል፤ የጨፋሪው ቁጥር በጨመረ መጠን ዋጋውም ይጨምራል። በቻቾንግሳው ከተማ ሉዋንግ ፖ ሶቶን ለተባለው የቡድሃ ምስል የሚገባው የተቀቀለ እንቁላል ነው፣ አንዳንዴም በመቶ እየተቆጠረ። በኮራት ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1934 ሐውልት የቆመላት ጀግና ታኦ ሱራናሪ አለች። ለእሷ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ የሚያዜሙት የኮራት ዘፈን ይዘፈንላታል። ኮራት ኢሳን የተባለው የሰሜን ምሥራቅ አካባቢ መግቢያ በር ናት፤ ወደ ታይዋን፣ ደቡብ ኮሪያና እስራኤል ለጉልበት ሥራ ከሚሄዱት ታይላንዳውያን ብዙዎቹ የሚነሡትም ከኢሳን ነው።

ስለት ተሳይቶ መቅረት መከራ ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ጉዳዩ ከቦታም ጋር የተያያዘ ነው። የኤራዋኑ ብራህማ አምሳያ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በላስ ቬጋስ ቢኖርም፣ ባንኮክ ላይ የተሳለ ሰው ስለቱን የሚያደርሰው እዚያው ባንኮክ ነው። ስለዚህ መንገደኛ ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ይህን ሒሳብ ማወራረድ ይኖርበታል።

ከቡድሂስቶች ወገን በዚህ ልማድ ላይ ነቀፋ አልጠፋም። መነኩሴው ቡድሃዳሳ (1906–1993) በጎ ሥራን ዋጋ እንደሚገኝበት ንግድ መቁጠርን አጥብቆ ተችቷል። በርግጥ ስለት ውል ነው፤ ልመናው ካልሰመረ የሚከፈል ነገር የለም። ሆኖም ውል መሆኑ ለተጓዡ አንድ ጥቅም አለው፤ ውል ያልቃልና ሰውየው ነጻ ሆኖ ይሄዳል።

ውለታ ግን እንዲህ አያልቅም። የቡድሃ ንግግሮች ስብስብ በሆነው በአንጉታራ ኒካያ፣ ቡድሃ በዓለም ላይ በቀላሉ የማይገኙ ብሎ ከጠራቸው ሰዎች መካከል አንደኛው ቀድሞ መልካም የሚያደርግ፣ ሌላው የተደረገለትን የሚያውቅና የሚመልስ ነው። በዚህ መሠረት ተጓዡ አበባና ሻማ ይዞ በወላጆቹ እግር ሥር ይሰግዳል፤ ለበደለው ይቅርታ ይጠይቃል፤ ምርቃት ይቀበላል። ለግቢው አድባር ለፕራ ፑምም በምሰሶ ላይ በቆመች ትንሽ ቤቱ ፊት ሩዝ፣ ፍራፍሬና ቀይ ለስላሳ መጠጥ ይቀርብለታል። ጠርሙሱ ተከፍቶ መምጠጫ ይገባበታል፤ ቀለሙ የጥንቱን የደም መሥዋዕት ተክቶ ነው የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ የተሳለ ስለት የለም፤ ምስጋናው ለኖሩበት ጥላ ነው።

የጉዞ ዋዜማው ዋና ሥርዓት ግን የሚፈጸመው በገዳም ነው። «ሳንግካታን» የተባለው መባ ሳሙና፣ መድኃኒት፣ ምግብና ልብስ የመሳሰሉት በባልዲ ተሞልተው የሚሰጡበት ሲሆን፣ ለአንድ ለሚወዱት መነኩሴ ሳይሆን ለማኅበረ መነኮሳቱ በጠቅላላ ነው። መነኩሴው ሲቀበል አያመሰግንም፤ እጅ የሚነሣው ሰጪው ነው፤ በጎ ሥራ የሚሠራበትን ዕድል ያገኘው እሱ ነውና። መነኮሳቱ ሲያዜሙ ሰጪው ከትንሽ ዕቃ ውኃ በቀስታ እያንቆረቆረ፣ ያገኘውን በረከት ለሞቱ ዘመዶቹ፣ ለአሳዳጊዎቹ፣ ባለፈ ሕይወት ለበደላቸው ፍጡራን ሳይቀር ያካፍላል። ይህ ሥርዓት እንደ ስለቱ ቦታ አይመርጥም፤ በሎስ አንጀለሱ የታይ ገዳምም እንደዚያው ይፈጸማል። ከባሕር ማዶ ለወላጅ የሚላክ ገንዘብም የውለታው ክፍል ተደርጎ ይቆጠራል፤ ወላጅ ካረፈ በኋላም ልጁ በስሙ ለመነኮሳት መስጠቱን ይቀጥላል።