ከነበልባል የሚገኝ ውኃ

በመጽሐፍ ጠራዥነት ሲሠለጥን የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ የተማረው ማይክል ፋራዴይ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 መገባደጃ በለንደን ለልጆች ስለ ሻማ ንግግር ማድረግ ጀመረ፤ ንግግሮቹም በ1861 ታትመው ወጡ። ከነበልባል ውኃ እንደሚገኝ ያስረዳሉ። እሳትና ውኃ ባላንጣዎች ናቸው ሲባል ሰምቶ ያደገ ልጅ ይህን ቢያነብ አምኖ አይቀመጥም፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከሻማው በላይ ደፍቶ ይይዛል፤ የብርጭቆውም ውስጥ በእርጥበት ይደበዝዛል። ተረት ምናብን ያሰፋል፤ ይህ አይካድም። ስለ ገሃዱ ዓለም የተጻፈ መጽሐፍ ግን ልጁን ወደ ፍተሻ ይመራዋል፤ ፍተሻውም የአዋቂውን ቃል አይምርም። እንግዲህ ፈተናው የልጁ ሳይሆን የአዋቂው ነው፦ ልጁ ብርጭቆውን ይዞ «እርስዎ ያሉት ሌላ ነበር» ቢለው፣ መምህሩ ምን ይመልሳል? «አፍህን ዝጋ» ቢል ለጊዜው ክብሩ የተጠበቀ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ሁለተኛ ብርጭቆ ይዞ አይመጣም።